3 ሳንቲም ርካሽ አይደለም፦ ስለ 2028ቱ የዕጩነት ገበያ

የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጓደኞቼ የ2028ቱን የፕሬዝዳንት ዕጩ ፖሊማርኬትና ካልሺ ከሚባሉ የትንበያ ገበያዎች ላይ እየገዙ ነው። ለዴሞክራቶች የካሊፎርኒያው ገዥ ኒውሰም 35 ሳንቲም፣ ለሪፐብሊካኖች ምክትል ፕሬዝዳንቱ ቫንስ 54 ሳንቲም ይላል። የኛው የሜሪላንድ ገዥ ዌስ ሙር ግን 3 ሳንቲም ብቻ ነው። ለቤት ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ያጠራቀምኩት 6,000 ዶላር አለኝ። ሙርን ብገዛና ዕጩ ቢሆን 200,000 ዶላር ነው። ‹ገበያው ከፖል (ከመራጭ አስተያየት መጠይቅ) ይበልጣል፣ በትራምፕ ጊዜ አይተናል› ይሉኛል። እውነት ነው? ኢንቨስትመንት ነው ወይስ ቤቲንግ? ልግባበት?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። የቤቱን ብር አትንካው። 3 ሳንቲሟም ርካሽ አይደለችም። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል፤ ጓደኞችህ ካሉህ ግማሹ እውነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ጭልጥ ያለ ውሸት ቢሆን በሁለት መስመር እገላገል ነበር።

የእንጀራ ሥራዬ ኦፕሽን የሚባሉ ውሎችን ዋጋ ማስላት ነው። አሥራ ምናምን ዓመት ሆነኝ። የምርጫ ገበያዎችን ግን ከደሞዜ ውጭ፣ እንደ ሱስ ነው የምከታተላቸው። ባለቤቴ «እንደ» የምትለዋን ቃል አውጣት ትለኛለች።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ። አዲስ አበባ እያለህ የቤቲንግ ትኬት ቆርጠህ ታውቅ ከሆነ፣ እዚያ ኦዱን (የክፍያ ተመኑን) የሚያወጣው አቋማሪው ቤት ነው። የምትጫወተውም ከቤቱ ጋር ነው። እዚህ ግን ቤቱ እንደ ደላላ ነው፣ ገዢና ገዢን ያገናኛል። አንዱ «ኒውሰም ዕጩ ይሆናል» የሚለውን ውል በ35 ሳንቲም ሲገዛ፣ ከወዲያ በኩል ሌላ ሰው «አይሆንም» የሚለውን በ65 ሳንቲም ገዝቷል። ሁለቱ ሲደመሩ 1 ዶላር ናቸው። ዶላሩ ተቆልፎ ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ ያወቀው ሙሉውን ይወስዳል፣ ያላወቀው ባዶ እጁን ይሄዳል። ስለዚህ 35 ሳንቲም ማለት በደምሳሳው ገበያው 35 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። «በደምሳሳው» የምትለዋን ቃል ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኢንቨስትመንት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። አክሲዮን ስትገዛ ድርጅቱ ይሠራል፣ ያተርፋል፤ የገዛውም የሸጠውም ደስ ብሏቸው ሊለያዩ ይችላሉ። እዚህ አንተ የምታገኛት እያንዳንዷ ሳንቲም ከሌላ ሰው ኪስ የወጣች ናት፣ ኮሚሽን ሲኖር ደግሞ ከላይዋ ትቀነሳለች። እቁብም አይደለም፤ ተራህ አይደርስም። በአሜሪካ ሕግ ግን እንደ ስንዴና እንደ ነዳጅ የወደፊት ውል ነው የሚታየው። ተቆጣጣሪውም የቁማር መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሲኤፍቲሲ የሚባለው የፌደራል ኮሚሽን ነው። ክርክሩ አሁንም አልበረደም። አንተ ያለህበት ሜሪላንድ ራሷ በ2025 ካልሺን የስፖርት ውሎቹን እንዲያቆም አዛው፣ እሱም ፍርድ ቤት ከሷታል።

ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ እንዳይመስልህ። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1988 ለምርምር ብለው አንድ ትንሽ ገበያ ከፈቱ፤ አንድ ሰው ከ500 ዶላር በላይ ማስገባት አይችልም ነበር። ቀጥሎ ኢንትሬድ የሚባል በአየርላንድ የተመዘገበ ድርጅት ገነነ፣ ሲኤፍቲሲ በ2012 ከሰሰው፣ በ2013 ተዘጋ። በ2014 ፕሪዲክትኢት መጣ፤ በአንድ ውል ላይ የሚፈቀደው 850 ዶላር ብቻ ነበር። ፖሊማርኬት በ2020 በክሪፕቶ ተጀመረ፣ በ2022 መጀመሪያ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ለአሜሪካ ነዋሪ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ በሩን ዘጋ። በሩን የበረገደው ካልሺ ነው። ተቆጣጣሪው «የምርጫ ውል መሸጥ አትችልም» ሲለው ከሰሰ፤ በሴፕቴምበር 2024 ዋሽንግተን ያለችው ዳኛ ፈረደችለት፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው እገዳውን አነሳ። ትልቅ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ወደ አሜሪካ ምርጫ የገባው ያኔ ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ያ የ2028ቱ ምርጫ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 2021 ነው የሚውለው፤ እንደዚህ ስታየው ግማሽ መንገድ የቀረበ ይመስላል፣ ግን አልቀረበም።

አሁን ወደ «ገበያው ከፖል ይበልጣል»። በ2024 ፖሎቹ ሁሉ እኩል እኩል ሲሉ ፖሊማርኬት ለትራምፕ 60 በመቶ ገደማ ሰጥቶ ነበር። እውነት ነው። አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴም በራሱ ገንዘብ ፖል አሠርቶ፣ ሰዉን «አንተ ማንን ትመርጣለህ» ሳይሆን «ጎረቤትህ ማንን የሚመርጥ ይመስልሃል» እያስባለ፣ በብዙ አካውንት ገዝቶ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰ። ጓደኞችህ ይህን ታሪክ ነው የሚወዱት። እኔም እወደዋለሁ። ግን በ2016 ገበያዎቹ ሂላሪ ክሊንተን ታሸንፋለች ብለው ሲያድሩ ጠዋት የሆነውን አይተሃል። በ2022 ሪፐብሊካኖች ሴኔቱን ይወስዳሉ ብለው ነበር፣ አልወሰዱም። በ2012 ደግሞ ኢንትሬድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሚሊዮኖች እያፈሰሰ የሪፐብሊካኑን ዕጩ የሚት ሮምኒን ዋጋ ደግፎ ይዞት ነበር፤ ተመራማሪዎች የደረሱበት በኋላ ነው። ጋዜጠኛው ግን ያኔ «ገበያው እንዲህ ይላል» እያለ ይጽፍ ነበር። ገበያው ሳይሆን አንድ ሰውዬ ነበር የሚለው።

ከዚያም በላይ፣ የምርጫ ዋዜማና ከምርጫው ሦስት ዓመት በፊት ያለው ጊዜ አንድ አይደሉም። በዋዜማው ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፣ ፖሉ በሺህ ነው፣ ግማሹ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ጨርሷል። ለዕጩነት ግን ገና ማን እንደሚወዳደር አይታወቅም። ሰዎቹ ራሳቸው አያውቁም። በ1991 የኒውዮርኩ ገዥ ማሪዮ ኩዎሞ የዴሞክራቶቹ ትልቁ ስም ነበር። ለኒው ሃምፕሸር ፕራይመሪ (የፓርቲው አባላት ዕጩ ለሚመርጡበት የስቴት ምርጫ) የመመዝገቢያው ቀነ ገደብ ዲሴምበር 20 ነበር፣ ወደዚያ የሚወስደው አውሮፕላን አልበኒ ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነበር፤ ሰውዬው በመጨረሻው ሰዓት አልሄድም አለ። ቦታውን የወሰደው ከአርካንሳስ የመጣ ቢል ክሊንተን ነው። አንድ ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ የሚወስነውን ነገር ምን ዓይነት ገበያ ከሦስት ዓመት በፊት ዋጋ ያወጣለታል?

ፊት መሪዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው፣ ይሄ ክፍል ለኔ በጣም የሚጣፍጠው ነው። በ2003 መጨረሻ ዴሞክራቱ ሃዋርድ ዲን ያለቀለት ዕጩ ይመስል ነበር፤ በጃንዋሪ 2004 የዕጩ ምርጫው በሚጀመርባት አይዋ ላይ ሦስተኛ ወጣ፣ ጆን ኬሪ ወሰደው። በ2011 ኦገስት የሪፐብሊካኑ ሪክ ፔሪ ሲገባ ዋጋው ተተኮሰ፣ በኖቬምበር በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ከተመረጥኩ እዘጋዋለሁ የሚለውን ሦስተኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ረስቶ «ኡፕስ» አለ፣ ተረሳ። በ2015 መጨረሻ ከሪፐብሊካኖቹ ገበያው የወደደው ማርኮ ሩቢዮን ነበር፣ ፖሉ ላይ ትራምፕ ለወራት ሲመራ እያየ እንኳ። ልብ በል፣ እዚህ ጋ ፖሉ ነው ያወቀው። ገበያው «እንዲህ ያለ ሰው ፈጽሞ አይሆንም» የሚለውን የተማረ ሰው ወሬ ነበር በገንዘብ የሚደግፈው። በጁን 2019 ካማላ ሃሪስ ባይደንን በክርክር ወጋ ስታደርገው በሳምንቱ አንደኛ ወጣች፤ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ከውድድሩ ወጣች። በኦክቶበር ኤልዛቤት ዋረን ግማሽ ዶላር ደረሰች። የኔም ጥቂት መቶ ዶላር እዚያ ነው ያለቀው። ፕላኖቿን ሁሉ አንብቤ፣ አስልቼ፣ ጠረጴዛ ሠርቼ ነበር የገዛኋት። አንድም ስቴት አላሸነፈችም።

ሰሞኑን ሰዎች የረሱት ግን ባይደንን ነው። በፌብሩዋሪ 2020 አይዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ወጥቶ ዋጋው 10 ሳንቲም አካባቢ ወርዶ ነበር። ቢሊየነሩ ብሉምበርግ በማስታወቂያ ብቻ ከሱ በላይ ነበር። ፌብሩዋሪ 26 የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ደገፈው፣ በ29 ስቴቷን አሸነፈ፣ ተፎካካሪዎቹ ቡተጀጅና ክሎቡሻር በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ፣ ማርች 3 ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበትን ሱፐር ቱስደይን ጠራርጎ ወሰደ። በአንድ ሳምንት ከሞት ተነሳ። ብሉምበርግ ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። በ2022 ኖቬምበር ደግሞ ገዥው ዲሳንቲስ ፍሎሪዳን በሰፊው ሲያሸንፍ ገበያው ከትራምፕ አስበልጦት ነበር፤ በጃንዋሪ 2024 አይዋ ላይ ተሸንፎ ወጣ።

«እንግዲያ መሪዎቹ ሁሉ ይወድቃሉ» ብለህ ደግሞ እንዳታጠቃልል። ሂላሪ በ2016 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርታ ዕጩ ሆናለች። 35 በመቶ ማለት ራሱ እኮ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አይሆንም ማለት ነው። ኒውሰም ባይሆን ገበያው ተሳሳተ አይባልም። ሰው ግን ዝርዝሩ አናት ላይ ስሙን ሲያይ 35ቱን እንደ 80 ነው የሚያነበው፤ አንተም ጓደኞችህም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም።

ያ 35 ከየት መጣ? ኒውሰም በ2025 ኦገስት ትራምፕን በራሱ የአጻጻፍ ስታይል፣ በትልልቅ ፊደል፣ ማሾፍ ሲጀምር ዋጋው መውጣት ጀመረ። በኖቬምበር የምክር ቤት ወረዳዎችን እንደገና የሚያካልለው ፕሮፖዚሽን 50 በሕዝብ ድምፅ አለፈለት። የገዥነት ዘመኑ በጃንዋሪ 2027 ያልቃል፣ ሥራ ፈላጊ ነው፣ መፈለጉንም አልደበቀም። ይሄ ሁሉ እውነተኛ መረጃ ነው። ግን የሚለካው ዛሬ ማን እየተወራለት እንደሆነ ነው፤ በ2028 ሳውዝ ካሮላይና ያለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት ማንን እንደምትመርጥ አይደለም። የቫንስ ነገር ለየት ይላል። ትራምፕ በ22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሦስተኛ ጊዜ መመረጥ አይችልም፣ ምክትሉ ወንበሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ፓርቲውም በአንድ ሰው ቃል የሚሄድ ነው። ስለዚህ 54 ሳንቲም ስትገዛ ባብዛኛው የገዛኸው አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ሳይጣላ እንደሚቆይ ነው።

አሁን ሙር ላይ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው የሙያዬን ነገር የምነግርህ፣ እባክህ ቁጥሩን ታገሰኝ።

በነዚህ ዝርዝሮች ግርጌ አስቂኝ ስሞች ታያለህ። የቅርጫት ኳሱ ሌብሮን ጄምስ እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ባለፉት ዙሮች ሚሼል ኦባማ «አልወዳደርም» እያለች ስንት ጊዜ ተናግራ ዋጋዋ ጥቂት ሳንቲም ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀርቷል። ለምንድነው አንድ ብልህ ሰው «አይሆንም»ን ገዝቶ እነዚህን ዋጋዎች ዜሮ የማያወርዳቸው? ነጻ ገንዘብ አይደለም እንዴ?

አይደለም። አስበው፤ አንድ የማይሆን ሰው 2 ሳንቲም ላይ አለ እንበል። «አይሆንም»ን በ98 ሳንቲም ትገዛለህ፣ በ2028 ክረምት 1 ዶላር ይሆንልሃል። ትርፉ 2 ሳንቲም ነው፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ጠብቀህ። በዓመት 1 በመቶ አይሞላም። ያው 98 ሳንቲም በመንግሥት ቦንድ 4 በመቶ ገደማ ቢያገኝ በዚያ ጊዜ 1 ዶላር ከ9 ሳንቲም ይጠጋል። እንግዲህ «አይሆንም»ን መግዛት ከቦንድ ጋር እኩል እንዲያዋጣ ዋጋው 90 ሳንቲም ገደማ መሆን አለበት። ምን ማለት ነው? ወለድ በማይከፈልበት ገበያ ላይ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ፈጽሞ የማይሆን ሰው 5 ወይም 8 ሳንቲም ላይ ቢቀመጥ የሚያወርደው ሰው ላይኖር ይችላል፤ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሳይሆን ማወቁ ስለማይከፍለው። አንዳንዶቹ ቤቶች ይህን ስላወቁ ለረጅም ውሎች ወለድ ቢጤ መክፈል ጀምረዋል፣ እሱ ትንሽ ያስተካክለዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሎተሪ ወዳድ ሰው በርካሽ ስም ላይ ይሻማል፤ ከቁማር ቤት እስከ ፈረስ እሽቅድምድም ለአሥርተ ዓመታት የታየ ነገር ነው፣ ዕድለ ቢሱ ፈረስ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይወደዳል።

ቅድም «በደምሳሳው» ያልኩህ ለዚህ ነው። አናት ላይ ያለው ቁጥር ከሞላ ጎደል ዕድልን ይናገራል። ከ5 ሳንቲም በታች ያለው ግን ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም። ስለ ወለድና ስለ ሎተሪ ፍቅር ነው የሚናገረው። እና 3 ሳንቲም ስታይ «እውነተኛ ዕድሉ 3 በመቶ ነው፣ እኔ ግን 10 በመቶ ይመስለኛል» ብለህ ከጀመርክ መነሻህ ራሱ ልክ ላይሆን ይችላል። እውነተኛው 1 በመቶ ቢሆን ሦስት እጥፍ ከፍለሃል።

ሙር በ2025 «በ2028 አልወዳደርም» ብሏል፤ አሁን የሚፈልገው በኖቬምበር 2026 የገዥነት ወንበሩን ማስቀጠል ነው። ይህን ብቻ ይዤ ግን አላጣጥለውም። ኦባማ በጃንዋሪ 2006 በቴሌቪዥን ለ2008 አልወዳደርም ብሎ ነበር፣ በፌብሩዋሪ 2007 ስፕሪንግፊልድ ላይ ቆሞ ዕጩነቱን አወጀ። ፖለቲከኛ «አልፈልግም» ሲል እንግዳ ቤት ሄዶ «በቃኝ ጠግቤያለሁ» እንደሚል ሰው ነው፤ ጉርሻው ከመጣ ይከፍታል። ሙርም ወጣት ነው፣ ንግግር ይችላል፣ የወታደርነት ታሪክ አለው። ዕድሉ ዜሮ አይደለም። ጥያቄዬ ዕድሉ ላይ ሳይሆን ዋጋው ላይ ነው።

ደግሞ ያ 200,000 ዶላር አይገኝም። 3 ሳንቲም ስክሪኑ ላይ ስላየህ 200,000 ውል በዚያ ዋጋ የሚሸጥልህ ሰው ተሰልፎ አይጠብቅህም። ግርጌ ላይ ያሉ ስሞች ገበያቸው ስስ ነው። የመጀመሪያዎቹን በ3 ታገኛለህ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 6፤ 6,000 ዶላርህን ጨርሰህ ስታስገባ ዋጋውን አንተው ራስህ ሰቅለኸዋል፣ አማካይ ዋጋህም ከ3 በላይ ነው። በማግስቱ ሐሳብህን ለውጠህ ልሽጥ ብትል የሚገዛህ በ2 ነው። «ግን እኮ በሚሊዮን የሚቆጠር ንግድ ይታያል» እንዳትለኝ፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ፖሊማርኬትን ሲመረምሩ ከንግዱ ሩብ ያህሉ ሰው ከራሱ ጋር የሚገዛዛበት ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። የንግዱ ብዛት የእምነት ብዛት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያቃጥል ነውና። የውሉን ጽሑፍ አንብብ። ባይደን በማርች 2024 የሚያስፈልገውን ዴሌጌት (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጥ ተወካይ) ሁሉ ሰብስቦ ጨርሶ ነበር። «ባይደን ዕጩ ይሆናል» የሚለው ውል እስከ ጁን ድረስ 80 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። ጁን 27 ክርክሩ መጣ፣ ጁላይ 21 ሰውዬው ወጣ፣ ውሉ ዜሮ ከፈለ። ፕራይመሪውን ያሸነፈ ሰው ላይ ገንዘብ የጠፋባቸው ሰዎች አሉ፣ ምክንያቱም ውሉ የሚለው «ፕራይመሪ ያሸንፋል» ሳይሆን «ፓርቲው በይፋ ያቀርበዋል» ነበር። በ2025 ደግሞ ዘለንስኪ የለበሰው ልብስ «ሱፍ ነው ወይስ አይደለም» በሚል ውል ላይ ስንት ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ዓለም ሱፍ ሲለው ውሉ «አይደለም» ተብሎ ተዘጋ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሽማግሌ የምትልክበት ቦታ የለም።

እንግዲህ እኔ ለምን አሁንም አያቸዋለሁ? ስለሚጠቅሙ ነው፣ ለሚጠቅሙበት ነገር። አንዱን ዘዴዬን ላሳይህ። ለአንድ ሰው ሁለት ዋጋ ታገኛለህ፤ አንዱ «ዕጩ ይሆናል»፣ ሌላው «ፕሬዝዳንት ይሆናል»። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍል። ለምሳሌ ኒውሰም ለዕጩነት 35፣ ለፕሬዝዳንትነት 20 ቢሆን፣ ገበያው እያለ ያለው «ዕጩ ከሆነ 57 በመቶ ያሸንፋል» ነው። ይህን ለሌሎቹም አውጣና አወዳድር። አንዳንዴ በዕጩነት ትንሽ ዋጋ ያለው ሰው፣ ዕጩ ቢሆን የማሸነፍ ዕድሉ ከመሪው ይበልጣል። ፓርቲዎቹ ራሳቸው የሚጨቃጨቁበትን ጥያቄ በሁለት ቁጥር ታየዋለህ። ግርጌ ላሉት ስሞች ግን አትሞክረው፤ 1ን ለ2 ስታካፍል የምታገኘው ወሬ ነው።

ሌላው የምጠቀምባቸው ለእንቅስቃሴው ነው። ዋጋው 35 መሆኑ ሳይሆን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከ35 ወደ 29 መውረዱ ነው የሚነግረኝ። አንድ ነገር ተሰምቷል ማለት ነው፣ ሄጄ ዜናውን እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ዜናው ከዋጋው በኋላ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለም፣ አንዱ ሀብታም ደብሮት ሸጦ ነው።

እነዚህን ውሎች በቁም ነገር የሚነግዱ ሰዎችም ቢሆኑ እስከ 2028 ይዘው አይቀመጡም። በ3 ገዝተው ሰውየው አንድ ጥሩ ንግግር አድርጎ 6 ሲሆን ይሸጣሉ። የሚገዙት ሰውየውን ሳይሆን ነገ ሌላ ሰው ስለሰውየው የሚያወራውን ነው። ይህን ለማድረግ ቀን ከሌት ስክሪን ላይ መጣድ ያስፈልጋል። አንተ ደግሞ ሥራ አለህ።

ጨዋታውን ማየት ከፈለግህ፣ ጓደኞችህ ሲያወሩ ዝም ብለህ መቀመጥ ካልሆነልህ፣ 50 ዶላር ለይ። አንድ እራት ነው። ከአናቱ ሁለት ሦስት ስም ውስጥ አንዱን ያዝ፣ ከግርጌው አትግዛ፣ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ፣ የሕግ ሁኔታው በስቴት በስቴት ስለሚለያይ ሜሪላንድ ውስጥ የተፈቀደውን አረጋግጥ። ሙርን በጣም ከወደድከው ደግሞ በኖቬምበር 2026 እስኪመረጥ ጠብቅ። ያኔ ሐሳቡን ከቀየረ ምልክቱን ታየዋለህ፤ አይዋና ሳውዝ ካሮላይና መመላለስ ይጀምራል፣ መጽሐፍ ያወጣል፣ ቴሌቪዥን ላይ «አልወዳደርም» ማለቱን ትቶ «ከቤተሰቤ ጋር እየተነጋገርኩ ነው» ይላል። ዋጋው ያን ጊዜ 3 አይሆንም፣ ምናልባት 8 ወይም 10 ይሆናል። ትንሽ ትወደድብሃለች፣ ግን ቢያንስ የምትገዛው የሚወዳደር ሰው ይሆናል።

6,000 ዶላሩን ግን ወለድ የሚከፍል የቁጠባ አካውንት ውስጥ ክተተው። ቤቱን ስትገዛ ጥራኝ፣ የቤቱን ብድር ወለድ አብረን እናየዋለን፤ እሱን ከምርጫ የበለጠ አውቀዋለሁ።